ከአፈ ወርቅ እስከ አፈ ቄሳር፦ የደራሲ በደልና የድርሰት ዋጋ በአራዳ ታሪክ ውስጥ

1. መንደርደሪያ

የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ሲጻፍ መነሻው ላይ የሚቆመው መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ነው። ይህ መጽሐፍ ኋላ በዋና ገጸ ባሕርይው ስም ‹ጦቢያ› እየተባለ ታውቋል። ተማሪ ያነበዋል፤ መምህር ያስተምረዋል፤ ኀያሲ ይመረምረዋል። የመጽሐፉ ደራሲ ግን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ከያዘው የፋሺስት መንግሥት ጋር ወግኖ፣ ‹አፈ ቄሳር› የሚል ሹመት ተቀብሎ፣ ከነጻነት በኋላ በአገር ክህደት ተፈርዶበት በግዞት የሞተ ሰው ነው።

እነዚህን ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር አንዱ ሌላውን ምን ያደርገዋል የሚለው ጥያቄ ነው። የደራሲው ክህደት ድርሰቱን ያረክሰዋልን? የድርሰቱስ ውበት ደራሲውን ያነጻዋልን? ወይስ ሁለቱ ከቶ የማይገናኙ ናቸው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በአፈወርቅ ሕይወትና ሥራ፣ እንዲሁም የወረራው ዘመን ምልክቶች ጎልተው በታዩበት በአራዳ ሰፈር ታሪክ አማካይነት መመርመር ነው። አራዳ የተመረጠበት ምክንያት አለ። አፈወርቅ ታሪካቸውን የጻፈላቸው ንጉሥ ሐውልት የቆመው እዚያ ነው። ወራሪው ያንን ሐውልት ያነሣው ከዚያ ነው። ሰፈሩ ዛሬ የሚጠራበት ሁለተኛ ስም፣ ፒያሳ፣ የዚያው ወራሪ ቋንቋ ቃል ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አጠራር አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ሳይፈርዱ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መጻፍ ያስቸግራል፤ ‹ጻፈ› ወይም ‹ጻፉ› ብሎ መምረጥ ግድ ነውና። ‹ጻፉ› ያለ አክብሯል፤ ‹ጻፈ› ያለ ደግሞ ወይ አቅርቧል ወይ ንቋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ደራስያን ሁሉ፣ አርበኛውም ከዳተኛውም፣ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ልማድ መሠረት ያለ ልዩነት በ‹እሱ› ተጠርተዋል። ምርጫው አፈወርቅን ከሌሎቹ ዝቅ ለማድረግም ሆነ ለማስተካከል የተደረገ አይደለም። ፍርዱን ግሡ ሳይሆን ማስረጃው እንዲሰጥ ለማድረግ ብቻ ነው።

2. ሙያና ባለሙያ በቀድሞው ልማድ

ሥራን ከሠሪው መለየት ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስላቸው አሉ። በርግጥም የምዕራቡ ዓለም የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ጉዳዩን በስፋት አንሥቷል። አሜሪካውያኑ ዊምሳትና ቢርድስሊ እ.ኤ.አ. በ1946 የደራሲው ሐሳብ የድርሰት መመዘኛ ሊሆን አይችልም ሲሉ ተከራክረዋል። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1960ዎቹ መጨረሻ ከዚያ አልፎ የደራሲውን ሞት አውጇል። ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ ጉዳዩ ከእነዚህ ሰዎች በፊት በኑሮ የታወቀ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለዚህ አንዱ ምስክር ነው። በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ማን እንደሣላቸው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ምእመኑ የሚሳለመው ሥዕሉን ነው። የሠዓሊውን ጠባይ፣ ጠጪ ይሁን ጾመኛ፣ የጠየቀ የለም። ሁለተኛው ምስክር ግን የሚያኮራ አይደለም። አዝማሪው በሠርግና በግብር ላይ ይፈለጋል፤ ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ ራሱን ግን በጋብቻ የሚፈልገው አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጥ ይሠራል፤ እሷ ግን ‹ቡዳ› ተብላ ትሸሻለች። ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ ይታረሳል፤ ቀጥቃጩ ራሱ ከማኅበር ይገለላል። እዚህ ላይ ሥራና ሠሪ በሚገባ ተለያይተዋል። ሥራው ተወዷል፤ ሠሪው ተንቋል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ሥራን ከሠሪ መለየት በራሱ ፍትሕ አይደለም። ያለ በደላቸው የተናቁትን ባለሙያዎች በጥበባቸው እየተጠቀሙ ሰውነታቸውን ለመካድ ያገለገለ ልማድ ነበር። በሌላ በኩል፣ ዛሬ ‹ሥራውን እንጂ ሰውየውን አትይ› የሚለው አባባል በእውነት የበደለን ሰው ከተጠያቂነት ለማዳን ሲያገለግል ይታያል። አንዱ መለያየት ንጹሑን ይቀጣል፤ ሌላው በደለኛውን ያድናል። በመሆኑም መጠየቅ ያለበት ‹ሥራና ሠሪ ይለያያሉ ወይ?› ተብሎ ብቻ አይደለም። ‹ሲለያዩ ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?› ተብሎ ጭምር ነው።

3. የአፈወርቅ መንገድ

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ወደ ጣሊያን ተልኮ በቶሪኖ ከተማ የሥዕል ትምህርት ተማረ፤ ሲመለስም በእንጦጦ በሠዓሊነት አገለገለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ደራሲያችን በውጭ አገር ሥዕል ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበር ማለት ነው። ኋላም በስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ።

የመጀመሪያው መሰናክል የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1888 ዓ.ም. አገሩ ከጣሊያን ጋር በዓድዋ ስትገጥም አፈወርቅ ከጓደኞቹ ከጉግሣ ዳርጌና ከቅጣው ዘአማኑኤል ጋር ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን ተሻገረ። ድሉ የኢትዮጵያ ሲሆን እሱ የቀረው በተሸናፊው አገር ነው። ከዚያም ጣሊያናዊት አግብቶ፣ በኔፕልስ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ በማስተማር ረጅም ዓመታት ተቀመጠ። ዛሬ የምናከብራቸው ሥራዎቹ የተጻፉት በዚህ የስደት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በጣሊያንኛ የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። በ1908 ‹ልብ ወለድ ታሪክ›ንና ለአቢሲኒያ ተጓዦች መምሪያ የሚሆን፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ንግግር የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት ‹ዳግማዊ አጤ ምኒልክ› የተባለው የታሪክ መጽሐፉ ታተመ።

ከዚህ በኋላ አፈወርቅ ወደ አሥመራ መጥቶ በንግድ ሥራ ቆየ፤ ቀጥሎም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ‹ነጋድራስ› ተባለ፤ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚካሰሱበትን ልዩ ፍርድ ቤት መራ፤ ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ነበር። እንግዲህ መንግሥት የዓድዋውን ጉዳይ ይቅር ብሎታል ማለት ይቻላል። ይህ በፍርዱ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው። በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ሲገባ አፈወርቅ ዕድል የተነፈገ ሰው አልነበረም፤ ሁለተኛ ዕድል አግኝቶ የተሾመ ሰው ነበር።

4. አራዳ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ የነበረው ገበያ የአራዳ ልብ ነበሩ። በንግሥ በዓሉ ዋዜማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ተመረቀ። አፈወርቅ ከሃያ ዓመት በፊት በቃል ያቆመውን ንጉሥ ከተማይቱ በነሐስ አቆመች ማለት ነው።

ፋሺስቶች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። የዓድዋን ድል የሚያስታውሰው የምኒልክ ሐውልት ከቆመበት ተነሣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ወረደ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ተቃጠለ። የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ለ‹ተወላጆች› ተብሎ ወደተከለለው ሰፈር ሄደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። አራዳም የነጮች ‹ፒያሳ›፣ ማለትም አደባባይ፣ እንዲሆን ተወሰነለት።

በዚህ ዘመን የአማርኛ ደራስያን መንገድ ተለያየ። የ‹ወዳጄ ልቤ› ደራሲ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ አገር ሞተ። ልጁ ፈቃደ ሥላሴ ከየካቲት 12 በኋላ በፋሺስቶች ተገደለ። ባለ ቅኔውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ ወደ ሱዳን ተሰደደ። አፈወርቅ ግን ከወራሪው ጋር ሆነ። የሚያስገርመው ይህም ቢሆን ከጥርጣሬ አላዳነውም። ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ጣሊያን ከተጋዙት መካከል አንዱ ነበር። ከዚያ ተመልሶ በአገሬው ተወላጆች ፍርድ ቤት ላይ በበላይነት ተሾመና ‹አፈ ቄሳር› ተባለ።

የሹመቱ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት የዳኞች ሁሉ አለቃ ‹አፈ ንጉሥ› ይባላል፤ በንጉሡ ስም የሚፈርድ የንጉሡ አፍ ማለት ነው። ፋሺስቱ ‹ንጉሥ›ን አንሥቶ ‹ቄሳር›ን ተካ። የደራሲው የክርስትና ስም ደግሞ የታላቁን ሰባኪ የዮሐንስ አፈወርቅን ስም የሚያስታውስ፣ በንግግር ውበት የተመሰገነ ስም ነው። ከአፈ ወርቅ ወደ አፈ ቄሳር የተደረገው ጉዞ እንግዲህ የአንድን አንደበት ባለቤት መለወጥ ያሳያል። የምኒልክን ታሪክ የጻፈው ብዕር የምኒልክን ሐውልት ላነሣው መንግሥት አደረ። አፈወርቅ ከነጻነት በኋላ ተከሶ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦለት ጅማ ላይ በግዞት ሳለ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በመስከረም 1940 ዓ.ም. ሞተ። ሐውልቱ በቦታው ተመልሶ ቆሟል። መጽሐፉም እንደዚሁ በየጊዜው እየታተመ አንባቢ እጅ ገብቷል።

5. ድርሰቱ ስለ ደራሲው ይመሰክራልን?

አሁን ወደ ራሱ ወደ ድርሰቱ እንመለስ። ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ጊዜው በግልጽ ያልተወሰነ የጦርነት ታሪክ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ከአረመኔ ጦር ጋር ተዋግቶ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ቤዛውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። የጦር አለቃው ልጅ ዋሕድ ውለታውን ለመክፈል ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ፣ ከአባቷ ጋር ሆና ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። በመጨረሻ የአረመኔው ንጉሥ ጦቢያ ሴት መሆኗን ዐውቆ፣ እምነቱን ለውጦ ያገባታል፤ ዋሕድም ከንጉሡ ወገን ያገባል፤ ጠላትነቱ በሠርግ ይዘጋል።

የደራሲውን የኋላ ሕይወት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። ድል አድራጊው ጠላት በመጨረሻ መልካም ይሆናል፤ የተሸናፊው ልጅ የአሸናፊው ሙሽራ ትሆናለች፤ ከጠላት ጋር መዛመድ መከራን ሁሉ ያበቃል። እንዲህ ካልን ‹ክህደቱ ከመጀመሪያው በመጽሐፉ ውስጥ ነበር› ለማለት ምን ይቀረናል?

ይህ ንባብ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ የ1928ን ወረራ ሊያውቅ አይችልም። የደራሲውን የመጨረሻ ምዕራፍ በመጀመሪያው ድርሰቱ ላይ መጫን ከታሪክ ይልቅ ትንቢት መጻፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ የሚለወጠው ድል አድራጊው ነው። ጦቢያ እምነቷን ለኃያሉ አልሸጠችም፤ ኃያሉ ነው ወደ እሷ የመጣው። አፈወርቅ በሕይወቱ ያደረገው የዚህ ግልባጭ ነበር። ስለዚህ ድርሰቱ ለክህደቱ ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ምናልባት ከሳሹ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የምርኮ፣ የስደትና የመሰወር ታሪክ በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ አንባቢውም ከራሱ የጦርነት ትዝታ ጋር እያገናኘ ሊያነበው የሚችለው ነው።

ይህ ማለት ግን ሕይወቱ ለንባቡ ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም። መጽሐፉ 1928ን ባያውቅም 1888ን ያውቃል። የተጻፈው በወሳኙ ጦርነት ከአገሩ ተለይቶ በጠላት ዘንድ በቀረ ሰው እጅ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቤዛ፣ ውለታ፣ ባዕድ አገር ላይ ማንነትን ሰውሮ መኖር ለምን ያን ያህል ክብደት እንዳገኙ ለመጠየቅ ይህ እውቀት ያግዛል። ጥያቄ እንድንጠይቅ ይረዳናል እንጂ መልሱን አይሰጠንም። ደራሲውን ማወቅ ለንባብ ያለው ጥቅምም ወሰኑም እዚህ ላይ ነው።

6. የገብረ ሕይወት መመዘኛ

አፈወርቅን በጽሑፍ ከመዘኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በወጣው ‹አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ› በተባለው ጽሑፉ ላይ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት ይዘረዝራል። የተደረገውን አስተውሎ የሚያይ አእምሮ፣ ሳያደላ የሚፈርድ ልቡና፣ ያየውንና የፈረደውን በጥሩ ቋንቋ የሚገልጽ ችሎታ ናቸው። አፈወርቅን የወቀሰው በሁለተኛው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ዝቅ አድርጎ ዐፄ ምኒልክን ከልክ በላይ ማወደሱ ፍርድን ማዛባት ነው ብሎ ተከራከረ። ክሱ የቋንቋ አልነበረም፤ የፍርድ ነበር።

ይህ ሂስ የተጻፈው ከወረራው ሃያ አራት ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ገብረ ሕይወት አፈወርቅ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። ቢሆንም ጉድለቱን ያገኘው ከመንደር ወሬ ሳይሆን ከመጽሐፉ ነው። ለኃያሉ ማደር፣ ብዕርን ለጊዜው ባለሥልጣን መስጠት፣ በታሪኩ አጻጻፍ ላይ አስቀድሞ ይታይ ነበር። ስለዚህ ደራሲውና ድርሰቱ የሚገናኙበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ከልብ ወለዱ ይልቅ የታሪክ መጽሐፉ ነው። ልብ ወለድ ሲጽፍ የሚያሞግሰው ጌታ አልነበረውም፤ ታሪክ ሲጽፍ ግን ነበረው።

ሁለቱን ሰዎች ማነጻጸር ሌላም ነገር ያስተምራል። አፈወርቅ በተጓዦች መምሪያው የወታደሩን ዘረፋ፣ የገበሬውን መከራ፣ የአገሩን ኋላ ቀርነት ነቅፏል። ገብረ ሕይወትም ተመሳሳዩን ነቅፏል፤ ኅሩይም በልብ ወለዶቹ አሮጌውን ልማድ ተችቷል። እንግዲህ አፈወርቅን ለክህደት ያበቃው አገሩን መንቀፉ ነው የሚለው አስተያየት አያስኬድም። ነቀፋው የትውልዱ የጋራ ሀብት ነበር። ከነቀፋው ተነሥቶ ‹እንግዲያው ባዕድ ይግዛን› ወደሚለው መድረስ ግን የራሱ ምርጫ ነበር። ይህን መለየት ካልቻልን በአፈወርቅ በደል ምክንያት ሐቀኛውን ተቺ ሁሉ እንጠረጥራለን፤ ጉዳቱም ከአንድ ሰው ያልፋል።

7. ከሌላው ዓለም

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ኖርዌጃዊው ክኑት ሃምሱን እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ደራሲ ነው። ጀርመን አገሩን ስትይዝ ከናዚዎች ጎን ቆመ፤ የሽልማት ሜዳዩንም ለጎብልስ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤት ከባድ የገንዘብ መቀጮ ጣለበት። አሜሪካዊው ባለ ቅኔ ኤዝራ ፓውንድ ደግሞ ጉዳዩ ወደ እኛ ይቀርባል፤ አፈወርቅ ላደረለት ለዚያው ለሙሶሊኒ በሮማ ራዲዮ የተናገረ ሰው ነውና። በ1945 ተይዞ፣ ለፍርድ መቅረብ አይችልም ተብሎ በዋሽንግተን በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እስከ 1958 ቆየ። እዚያው ሳለ በ1949 የቦሊንገን የግጥም ሽልማት ሲሰጠው በአሜሪካ ብርቱ ክርክር ተነሣ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ጠቃሚ ልዩነት እናገኛለን። ኖርዌጃውያን የሃምሱንን ልብ ወለዶች ማንበብ አልተዉም፤ ሰውየውን ግን ለፍርድ አቀረቡት። በአሜሪካ ክርክር ያስነሣው የፓውንድ ግጥም መነበቡ ሳይሆን መሸለሙ ነው። ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ማክበር ሌላ ነው። መጽሐፍ ማንበብ ከመጽሐፉ ጋር መነጋገር ነው፤ ሽልማት መስጠት፣ ሐውልት ማቆም፣ ጎዳና በስም መሰየም ግን ሕዝብ በሰውየው ላይ የሚሰጠው ቃል ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ወይ መጽሐፉን ያቃጥላል፣ ወይ ከዳተኛውን ይሸልማል።

የበደል መጠንም መታየት አለበት። ስካር፣ ትዕቢት፣ ለንጉሥ መወድስ መጻፍ፣ በጭፍጨፋ እጁን ያስገባን መንግሥት ማገልገል በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በኢትዮጵያ ንጉሥን ያላወደሰ፣ በአብዮቱ ዘመንም አብዮቱን ያላወደሰ የኪነ ጥበብ ሰው ብዙ አይገኝም። ሁሉንም በአንድ ‹በደለኛ› ስም ከጠራናቸው የአፈወርቅ በደል ይቀልላል፤ የሌሎቹም ድካም ይከብዳል።

8. የቀሩልን ሁለት ቃላት

በዚህ ጉዳይ ላይ ምሁራን ከሚሰጡት ፍርድ ቀድሞ ቋንቋው ራሱ አንድ ነገር አድርጓል። ዛሬ ‹ልብ ወለድ› የምንለው የድርሰት ዓይነት ስሙን ያገኘው ከአፈወርቅ መጽሐፍ ርእስ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን የምናደንቅበት፣ በዓሉ ግርማን የምናስታውስበት፣ በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ቃል የመጣው ከአፈ ቄሳሩ እጅ ነው። ይህን ቃል እናውጣው የሚል የለም፤ ቢልም አይችልም። ቃሉ የሕዝብ ሆኗል።

ፒያሳም እንዲሁ። ወራሪው አራዳን የነጮች አደባባይ ሊያደርገው አሰበ፤ ስሙን ሰጠው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ተባረረ። ስሙ ግን የአዲስ አበቤ ሆነ። ‹የአራዳ ልጅ› በፒያሳ ማኪያቶውን ሲጠጣ ለሙሶሊኒ እየገበረ አይደለም። ነጻ የወጣ ሕዝብ ከማረከው ነገር ጋር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይጠቀምበታል፣ የራሱ ያደርገዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስን ራሱን እንኳ ብንወስድ፣ በዓድዋ ድል መታሰቢያነት ለተሠራው ሕንጻ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ካስታኛ እጁን አሳርፎበታል። ሰፈሩ በየግንቡ እንዲህ ያለ የተደባለቀ ታሪክ ይዟል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ምሳሌ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቃል የሕዝብ ሲሆን አመጣጡ ይረሳል። ፒያሳ የሚለውን ስም እየጠራ፣ ገበያው ለምን ወደ መርካቶ እንደሄደ የማያውቅ ትውልድ አለ። በ2016 ዓ.ም. በአንድ በኩል የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ሰፈር ተመረቀ፤ በሌላ በኩል በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ። የሚታየው ምስክር ሲቀንስ የማስታወሱ ዕዳ በጽሑፍና በትምህርት ላይ ይወድቃል። ‹ልብ ወለድ› የሚለውን ቃል ያስተማርን ከሆነ ከየት እንደመጣም ማስተማር ይገባናል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ምርመራ ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ መያዝ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። የመጀመሪያው የድርሰቱ ዋጋ ነው፤ ይህ የሚመዘነው በድርሰቱ ነው። ‹ልብ ወለድ ታሪክ› በቋንቋው ፍሰት፣ በታሪኩ አወቃቀር፣ ለዘርፉ በከፈተው በር ያገኘውን ቦታ የደራሲው ሹመት አይቀማውም። ሁለተኛው የሰውየው ክብር ነው፤ ይህ የሚመዘነው በሥራው ሳይሆን በተግባሩ ነው። አፈወርቅን ‹የአማርኛ ልብ ወለድ አባት› ስንል የልደትን እውነት መናገራችን ከሆነ ይሁን፤ አባትነቱ የሚያስከብር ማዕረግ እንዲመስል ካደረግነው ግን በየካቲት 12 የወደቁትን እንበድላለን። ሦስተኛው ድርሰቱ ስለ ዘመኑና ስለ ሰው ልጅ ምን ያውቃል የሚለው ነው። እዚህ ላይ የደራሲው ሕይወት፣ በደሉ ጭምር፣ እንደ አንድ ማስረጃ ይቀርባል፤ እንደ ዳኛ ግን አይሾምም።

ሦስቱ ሲቀላቀሉ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጠራል። አንዱ መምህሩ የመጽሐፉን ታሪክ ብቻ ተርኮ የደራሲውን ሕይወት በዝምታ የሚያልፍበት ነው። ተማሪው ኋላ እውነቱን ሲደርስበት መጽሐፉንም መምህሩንም መጠራጠር ይጀምራል። ሌላው ‹ባንዳ ነው› ብሎ መጽሐፉን ሳይገልጡ መዝጋት ነው። ይህም ከዳተኛ ሰው የሚያምር ነገር ሊሠራ አይችልም የሚል የዋህ እምነት ያሳድራል፤ እንዲህ ያለ እምነት ያለው ትውልድ ደግሞ የሚያምር አንደበት ያለው ከዳተኛ ሲመጣ አያውቀውም። አፈወርቅን የማስተማር ትልቁ ጥቅም ምናልባት እዚህ ላይ ነው። የቋንቋ ጸጋና የልብ ታማኝነት በአንድ ሰው ዘንድ አብረው ላይገኙ እንደሚችሉ የራሳችን ሥነ ጽሑፍ በመጀመሪያው ገጹ ላይ ጽፎልናል።

በአራዳ ቆሞ ወደ ምኒልክ ሐውልት የሚያይ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ማስታወስ ይችላል። ንጉሡን፣ ንጉሡን በቃል ያቆመውን ጸሐፊ፣ ሐውልቱን ያነሣውን ወራሪ፣ ጸሐፊው ለወራሪው ማደሩን፣ ሐውልቱንም መልሶ ያቆመውን ሕዝብ። ከእነዚህ አንዱን ሳይጥሉ ሁሉንም መያዝ ከባድ ነው። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ተማሪ ሥራ ግን ይኸው ነው።